ስሙ ወይስ አሠራሩ? የፊልም ካሜራን ዕድሜ የሚወስነው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1976 ሁለት የጃፓን ኩባንያዎች ሁለት ካሜራዎችን ለገበያ አቀረቡ። አንደኛው ፔንታክስ ኬ1000፣ ሁለተኛው ካነን ኤኢ-1 ይባል ነበር። ሁለቱም በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠሩ፣ ሁለቱም ፎቶ አንሺው በራሱ በሌንሱ በኩል እያየ የሚያነጣጥርባቸው ናቸው። ሁለቱም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገዢዎችን አግኝተዋል። ዛሬም ከቁም ሣጥን ጥግና ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ከሚወጡት የፊልም ካሜራዎች መካከል ብዙዎቹ የእነዚህ ሁለቱ ወገን ናቸው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ባትሪያቸውን ማውጣት ቀላል ሙከራ ነው። ኬ1000 ማጠንጠኛው ተስቦ ቁልፉ ሲጫን እንደ ወትሮው «ጠቅ» ይላል። ኤኢ-1 ግን ጸጥ ይላል፤ ቁልፉ ቢጫን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ይህን ያየ ሰው የመጀመሪያው ብርቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰባራ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ድምዳሜው ግን የተቻኮለ ነው። ጸጥ ያለው ካሜራ የ6 ቮልት ባትሪ ሲገባለት በትክክል ሊሠራ ይችላል። «ጠቅ» ያለው ደግሞ ፊልሙን ግማሹን አብርቶ ግማሹን አጨልሞ የሚያበላሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ወጣቶች ወደ ፊልም ፎቶግራፍ እየተመለሱ ባሉበት በዚህ ዘመን ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «የየትኛው ኩባንያ ካሜራ ይበረታል?» የሚል ነው። ኒኮን፣ ካነን፣ ላይካ፣ ፔንታክስ፣ ኦሊምፐስና ሚኖልታ የየራሳቸው ደጋፊዎች አሏቸው። ሆኖም አንድ ካሜራ ከተሠራ አርባና ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ዕድሜውን የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም ውስጡ ያለው አሠራር፣ በውስጡ ያሉት በጊዜ ብዛት የሚበሰብሱ ቁሶች፣ እንዲሁም ሲበላሽ የሚጠግነው እጅ መኖር አለመኖሩ ናቸው። ኩባንያው የጻፈበት ስም ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሰከንድ ሺሕ እጅ አንዱ

የካሜራ ልብ ሻተር የሚባለው የብርሃን መዝጊያ ነው። በአብዛኞቹ ባለሙያ ካሜራዎች ውስጥ ይህ መዝጊያ ከፊልሙ ፊት ለፊት የተዘረጉ ሁለት መጋረጃዎችን የያዘ ነው። ቁልፉ ሲጫን የመጀመሪያው መጋረጃ እየሮጠ ፊልሙን ለብርሃን ይገልጣል፤ ሁለተኛው ተከትሎት እየሮጠ ይሸፍናል። ፍጥነቱ 1/1000 ሰከንድ በሚሆንበት ጊዜ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው መንገዱን ሳይጨርስ ስለሚነሣ፣ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትሰፋ ቀዳዳ ትፈጠራለች። ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው ይህች ጠባብ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ስትጠርገው ነው።

መጋረጃዎቹን የሚጎትቷቸው ሞላዎች ናቸው። ሞላው ከደከመ፣ ዘንጉ ከቆሸሸ ወይም ግራሶው ከደረቀ የአንዱ መጋረጃ ሩጫ ይዘገያል። ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን ሊደርስበት ሲቃረብ ቀዳዳዋ እየጠበበች ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ትዘጋለች። ውጤቱም አንድ ወገኑ ብሩህ፣ ሌላው ወገኑ እየጨለመ የሚሄድ ምስል ነው። ችግሩ በ1/30 ሰከንድ ላይ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ካሜራው በአንድ ፍጥነት ጤነኛ፣ በሌላው ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። የ«ጠቅ» ድምፅ ብቻውን ምስክር የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መጋረጃው የተሠራበት ቁስም ለውጥ ያመጣል። ጎማ የተቀባ ጨርቅ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ያወጣል። ብረት ሙቀትንና እርጥበትን ይበልጥ ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ለሙያተኞች ታማኝ መሣሪያ የሆነበት አንዱ ምክንያት መጋረጃው ከስስ ቲታንየም የተሠራ መሆኑ ነበር። በ1982 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም2 ደግሞ የቲታንየም ስስ ምላሶችን በፊልሙ አጭር ጎን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች እንዲሮጡ አደረገ። የሚሮጡበት መንገድ ከ36 ወደ 24 ሚሊሜትር በማጠሩና ምላሶቹም በመቅለላቸው፣ ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል 1/4000 ሰከንድ መድረስ ተቻለ።

ሞላና ጥርስ ብቻ

ሁሉ ነገሩ በሞላና በጥርሳማ መዘውር የሚንቀሳቀስ ካሜራ ሜካኒካዊ ይባላል። ባትሪ ቢኖረው እንኳ የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ኬ1000፣ ኒኮን ኤፍኤም2፣ ኦሊምፐስ ኦኤም-1 እና በ1954 የወጣው ላይካ ኤም3 ከዚህ ወገን ናቸው። ኤም3 ከነጭራሹ በውስጡ ባትሪ የለውም።

የእነዚህ ካሜራዎች ትልቁ በጎነት ሲበላሹ የሚበላሹበት መንገድ ነው። ብልሽታቸው በአብዛኛው ዝግተኛና የሚታይ ነው፤ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ማጠንጠኛው እየከበደ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ይስታል። የተበላሸውን ክፍል ባለሙያው በዓይኑ አይቶ ሊያጸዳው፣ ሊያስተካክለው፣ አንዳንዴም ቀርጾ ሊተካው ይችላል። ምንም ዓይነት ምስጢራዊ ሰርኪዩት በመካከል የለም።

የጥንካሬያቸው ዝናም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ኒኮን ኤፍ የቬትናምን ጦርነት በዘገቡ ጋዜጠኞች አንገት ላይ የተንጠለጠለ ካሜራ ነበር። ብሪታንያዊው የጦርነት ፎቶ አንሺ ዶን ማኩሊን በካምቦዲያ ሳለ የተተኮሰበትን ጥይት ያስቀረለት ኒኮን ኤፍ ነው። ስቲቭ ማከሪ በ1984 በፓኪስታን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያነሣት፣ «አፍጋናዊቷ ልጃገረድ» በሚል ስም በዓለም የታወቀችው ምስልም በኤፍኤም2 የተነሣች ናት። ይሁን እንጂ ጥይት የመለሰ ካሜራ ሁሉ ጥይት የሚመልስ ነው ማለት አይደለም። የአንድ ካሜራ ዕድል ለሌሎቹ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ሜካኒካዊ ካሜራዎችም ድክመት አላቸው። እንደ ላይካ ባሉት፣ ከሻተራቸው ፊት የሚከልል መስታወት በሌላቸው ካሜራዎች ላይ ሌንሱ ሳይከደን ወደ ፀሐይ ከተተወ፣ ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር ብርሃኑን ሰብስቦ የጨርቁን መጋረጃ ሊያቃጥለው ይችላል። በትንሽ መርፌ የተወጋ የሚመስለው ያ ቀዳዳ ከዚያ በኋላ በሚነሡት ፎቶዎች ሁሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በጠንካራነቱ በሚወደሰው ውድ ካሜራ ላይ ይህን የሚያደርገው የባለቤቱ የአንድ አፍታ ቸልተኝነት ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲገባ

ካነን ኤኢ-1 በዓይነቱ ማይክሮፕሮሰሰር የተገጠመለት የመጀመሪያው ካሜራ ነበር። ኩባንያው የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በማስገባት ወደ 300 የሚጠጉ ሜካኒካዊ ክፍሎችን አስቀርቷል። ዋጋው ረከሰ፤ ብርሃንን ለክቶ መጠኑን የሚወስነውም ራሱ ካሜራው ሆነ። ፎቶ ማንሣት የባለሙያ ብቻ መሆኑ የቀረው እንደዚህ ባሉ ካሜራዎች ነው።

በጊዜው የኤሌክትሮኒክ ሻተር ከሜካኒካዊው ይልቅ ትክክለኛ ነበር። በሞላና በጥርስ የሚለካ ሰዓት እንደሚዘገይና እንደሚፈጥን ሁሉ፣ በሞላ የሚለካ ሻተርም ይዘገያል፤ በኤሌክትሪክ የሚለካው ግን ለዓመታት ሳይዛነፍ ሊቆይ ይችላል። ሙያተኞች የሚጠቀሙበት ካነን ኢኦኤስ-1ቪ ለ150,000 ጊዜ ተኩስ የተዘጋጀ ሻተር ነበረው። ከጥቅም አንጻር ሲታይ ኤሌክትሮኒክስ የድክመት ምልክት አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት እንደ ሞላ መድከም አስቀድሞ አይታይም። ትናንት የሠራው ዛሬ በድንገት ይቆማል። በ1981 የወጣው ሚኖልታ ኤክስ-700 ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ካሜራ ውስጥ ያሉ ካፓሲተር የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች በዕድሜ ብዛት ይሞታሉ፤ ያን ጊዜ ካሜራው ይቆለፋል፣ ማጠንጠኛውም አልንቀሳቀስ ይላል። ደግነቱ ካፓሲተር በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ነው፤ መበየድ የሚችል ሰው ይተካዋል። ለአንድ ካሜራ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሰርኪዩት ከተቃጠለ ግን መተኪያው የሚገኘው ከሌላ የሞተ ካሜራ ብቻ ነው።

በ1990 የወጣው ኮንታክስ ቲ2 ይህን እውነት በጉልህ ያሳያል። አካሉ ቲታንየም፣ ሌንሱ ስመ ጥር፣ መጠኑ ኪስ የሚገባ ነው። በታዋቂ ሰዎች እጅ በመታየቱ በቅርብ ዓመታት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ይሁንና የኮንታክስን ስም ይዞ ይሠራ የነበረው ኪዮሴራ ኩባንያ በ2005 ከካሜራ ሥራ መውጣቱን አስታውቋል። ሰርኪዩቱ የከዳው ቲ2 የሚያምር የቲታንየም ሣጥን ሆኖ ይቀራል። የአካል ጥንካሬና የዕድሜ ርዝመት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አንዳንድ መሐንዲሶች በሁለቱ መካከል ድልድይ ለመሥራት ሞክረዋል። በ1980 የወጣው ኒኮን ኤፍ3 ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሲያልቅ በ1/60 ሰከንድ ገደማ የሚያስነሣ ሜካኒካዊ መጠባበቂያ ምላስ አለው። በ2001 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም3ኤ ደግሞ ባትሪ ሲኖረው መጠኑን ራሱ እየወሰነ፣ ባትሪ ሲያጣ በሁሉም ፍጥነቶች ላይ በሜካኒካዊ መንገድ እየሠራ ሁለቱንም ዓለም አጣምሯል።

ዝምተኞቹ አጥፊዎች

ካሜራን ከመውደቅና ከመጋጨት ይልቅ የሚገድሉት በውስጡ ያሉ ርካሽ ቁሶች ናቸው። የመጀመሪያው ስፖንጅ ነው። ብርሃን በበሩ ስንጥቅ እንዳይገባ፣ መስታወቱም ተነሥቶ ሲመታ ድምፁ እንዲለዝብ ብዙ ካሜራዎች ጥቁር ስፖንጅ ተለጥፎባቸዋል። ይህ ስፖንጅ የአየር እርጥበትን እየሳበ ከሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ በኋላ እንደ ሬንጅ ወደሚጣበቅ ቅላጭ ይለወጣል። በሩ ብርሃን ያስገባል፤ በፎቶው ጠርዝ ላይም ብርቱካናማ ወይም ነጭ ጭረት ይታያል። የሚያስደስተው ጥገናው ቀላል መሆኑ ነው፤ አሮጌውን በእንጨትና በአልኮል ጠርጎ አዲስ መለጠፍ በቂ ነው።

ስፖንጁ የሚገኝበት ቦታ ግን ጉዳቱን ሊያከብደው ይችላል። በኦሊምፐስ ኦኤም-1 ውስጥ በፕሪዝሙ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ዓይን በሚያመጣው ብርጭቆ ዙሪያ የተደረገው ስፖንጅ ሲበሰብስ የብርጭቆውን የብር ቅብ ይበላዋል። በአንዳንድ የካነን ኢኦኤስ የፊልም ካሜራዎች ደግሞ በሻተሩ አጠገብ ያለች የማለዘቢያ ቁራጭ ቀልጣ ምላሶቹን ታጣብቃለች። ሁለቱም ኩባንያዎች ታላላቅ ናቸው፤ የሁለቱንም መሣሪያ ያሸነፈው ግን ዋጋ ቢስ የሚመስል ስፖንጅ ነው።

ሁለተኛው ግራሶ ነው። ለሃያ ዓመት ያልተነካ ካሜራ ውስጥ ያለው ግራሶ ወይ ይደርቃል ወይ ይፈስሳል። ካነን ኤኢ-1 ቁልፉ ሲጫን እንደ ሳል ያለ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር፣ የመስታወቱን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠሩት ጥርሶች ዘይት ጠምቷቸዋል ማለት ነው። አንዲት ጠብታ ትክክለኛ ዘይት በትክክለኛው ቦታ ብታገኝ ድምፁ ይጠፋል። በየወሩ ጥቂት ጊዜ የሚተኮስ ካሜራ በመሳቢያ ውስጥ ተሸፍኖ ከኖረው የተሻለ ጤና የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የግራሶን ነገር የጠፈር ጉዞ መሐንዲሶችም በሚገባ አስበውበት ነበር። በ1969 ወደ ጨረቃ የወረደው ሃሰልብላድ ካሜራ ከመሄዱ በፊት የተለመደው ማለስለሻው እንዲለወጥ ተደርጓል፤ አየር በሌለበት ቦታ ተንኖ ሌንሱን እንዳያደበዝዝ ተሰግቶ ነበርና። ጠፈርተኞቹ የፊልሙን መያዣ ይዘው ሲመለሱ የካሜራዎቹን አካል ክብደት ለመቀነስ እዚያው ትተውታል።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያቸው በ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ እንዲሠራ የተስተካከለ ነው። ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ሽያጩ በ1990ዎቹ ተከልክሏል። በምትኩ 1.5 ቮልት የሆነው ተራ ባትሪ ሲገባ መለኪያው ይሳሳታል፤ ባለቤቱም ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። ለጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚሸጡት የዚንክ ባትሪዎች ወደ ቀድሞው ቮልት ስለሚቀርቡ ችግሩን ያቃልላሉ። በውስጡ ተረስቶ የፈሰሰ ባትሪ ግን ሽቦውን እየበላ ስለሚሄድ፣ ካሜራን ለረጅም ጊዜ ከማስቀመጥ በፊት ባትሪውን ማውጣት ግድ ነው።

ከክራስኖጎርስክና ከካርኪቭ የመጡት

በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተጉዘዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤተሰብ ሻንጣ ውስጥ ዜኒት ወይም ፌድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ከባድ ካሜራ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም። ፌድ በዩክሬን ካርኪቭ ከተማ፣ መምህሩ አንቶን ማካሬንኮ ከመሩት የወጣቶች ማረሚያ ኮሚዩን ጋር በተያያዘ ፋብሪካ ከ1934 ጀምሮ የላይካ ቅጂ ሆኖ የተሠራ ነው። ዜኒት-ኢ ደግሞ በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዛት ተመርቷል።

የእነዚህ ካሜራዎች ስም ብዙ ጊዜ በሁለት ጽንፍ ይነሣል፤ አንዱ «ታንክ ነው» ይላል፣ ሌላው «ዕቃ አይደለም» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። አሠራራቸው ቀላልና ሙሉ በሙሉ ሜካኒካዊ ነው፤ የዜኒት-ኢ ብርሃን መለኪያ ራሱ በሴሌንየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። በሌላ በኩል ፋብሪካዎቹ ብዛትን ያስቀድሙ ስለነበር ከአንድ መስመር የወጡ ሁለት ካሜራዎች ጥራታቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ሊታወቅ የሚገባ አንድ ደንብ አለ። በፌድና በዞርኪ ካሜራዎች ማጠንጠኛው ሳይሳብ የፍጥነት መዘውሩን ማዞር በውስጡ ያለውን አሠራር ሊሰብረው ይችላል። መጀመሪያ ማጠንጠን፣ ቀጥሎ ፍጥነትን መምረጥ ያስፈልጋል። የአባቱን ካሜራ ያገኘ ልጅ በጉጉት መዘውሩን ሲያዞር፣ ለአርባ ዓመት ያልሞተውን መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ሊገድለው ይችላል።

የተረፉት ብቻ ሲቆጠሩ

የትኛው ኩባንያ እንደሚበልጥ ለመፍረድ የሚቀርበው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስት ነው። «የኔ ኬ1000 ለአርባ ዓመት ሠርቷል» የሚል ሰው እውነቱን ነው። ነገር ግን ኬ1000 ከ1976 እስከ 1997 ድረስ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ የፎቶግራፍ ተማሪዎች ሁሉ የያዙት ካሜራ ነው። ከብዙ ከተመረተ ነገር ብዙ ይተርፋል። የሞቱት ወደ ቆሻሻ ተጥለዋል፤ ዛሬ በገበያ ላይ የሚታዩት የተረፉት ናቸው። በተረፉት ብቻ መፍረድ ከጦርነት የተመለሱትን ብቻ ጠይቆ ጦርነት አይገድልም እንደ ማለት ነው።

ኬ1000 ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ምርቱ በጃፓን ተጀምሮ ወደ ሆንግ ኮንግ፣ ከዚያም ወደ ቻይና ተዛውሯል፤ በሂደቱም አንዳንድ የብረት ክፍሎች በፕላስቲክ ተተክተዋል። ተመሳሳይ ስም የያዙ ሁለት ካሜራዎች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። የኖሩበት ሕይወትም ይለያያቸዋል። የጋዜጠኛ ካሜራ ቅቡ የተላጠ፣ ግን በየጊዜው የታደሰ ሊሆን ይችላል። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጨው ደግሞ ውስጡ የሻገተ ሊሆን ይችላል።

የሚኖሩበት አገር አየር

ካሜራው የሚኖርበት ቦታም ዕድሜውን ይወስናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠረፍ ላይ የበጋው አየር ሙቀትና እርጥበትን አጣምሮ የያዘ ነው። እርጥበቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ በሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተሠራጭቶ የሚያመነጨው አሲድ ብርጭቆውን ራሱን ይቦረቡረዋል፤ ያን ጊዜ ቢጸዳ እንኳ ጠባሳው አይጠፋም። የሚያስገርመው ለመከላከያ ተብሎ የተሠራው የቆዳ ማኅደር እርጥበት እየያዘ ሻጋታን ማገዙ ነው። ከመኪና ውስጥ በፀሐይ የተተወ ካሜራ ደግሞ ግራሶው ቀልጦ ወደ ሌንሱ ምላሶች ይፈስሳል።

በሚኒሶታ ወይም በስዊድን ክረምት ችግሩ ሌላ ነው። ብርድ የባትሪን ጉልበት ያዳክማል፣ ግራሶንም ያወፍራል። በውጭ የሞተ የሚመስለው ካሜራ ባትሪው በውስጥ ኪስ ሲሞቅ ሊነሣ ይችላል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት በድንገት ሲገባ በላዩና በውስጡ ጤዛ ስለሚቋጥር፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ይመከራል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች እየተተከሉ ያሉት አዳዲስ የሲቲ መፈተሻ መሣሪያዎች ያልታጠበ ፊልምን ያደበዝዛሉ። ወደ አገር ቤት ሄዶ የተመለሰ መንገደኛ ፎቶዎቹ ጉም የለበሱ ሆነው ሲያገኛቸው ካሜራውን ይወቅሳል። ፊልሙ በእጅ እንዲፈተሽ አስቀድሞ መጠየቅ ይህን ጉዳት ያስቀራል።

የሚጠግን እጅ

ከሁሉም በላይ የካሜራን ነገ የሚወስነው ጠጋኙ ነው። ሚኖልታ ከኮኒካ ጋር ተዋህዶ በ2006 ከካሜራ ሥራ ወጥቷል። ኦሊምፐስ የካሜራ ክፍሉን ለሌላ ኩባንያ አስተላልፏል። ኒኮን የመጨረሻውን የፊልም ካሜራውን፣ ኤፍ6ን መሥራት አቁሟል። ለእነዚህ ካሜራዎች አዲስ መለዋወጫ ከፋብሪካ መጠበቅ አይቻልም። በአንጻሩ ላይካ በጀርመን ቬትስላር ዛሬም የፊልም ካሜራ ይሠራል፤ ኤም6 የተባለውንም በ2022 እንደገና ወደ ገበያ መልሶታል። ፔንታክስም በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል።

እነዚህን መሣሪያዎች ፈትተው መግጠም የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ የፊልም ዘመን ልጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ዕውቀቱ ከመጽሐፍ ይልቅ በጣት ውስጥ ያለ ነው። የትኛው ብሎን ወደ ግራ እንደሚዞር፣ የትኛው ሞላ ሲነካ እንደሚዘልል የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ፣ ተተኪ ካላፈራ የብዙ ካሜራዎች ዕድሜ አብሮት ያልፋል። በዚህም ምክንያት ብዙ የተመረተና አሠራሩ ቀላል የሆነ ካሜራ ጥቂት ከተመረተ ድንቅ ካሜራ የበለጠ የመኖር ዕድል አለው። የሚያውቁት እጆችና ለመለዋወጫ የሚሆኑት ሬሳዎች ብዙ ናቸውና።

ከማመን በፊት መፈተሽ

አሮጌ ካሜራ ያገኘ ሰው ከማንኛውም ነገር በፊት የባትሪ ቤቱን ከፍቶ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት መኖሩን ይመልከት። የኋላ በሩን ከፍቶ ስፖንጁን በእንጨት ይንካው፤ ከተጣበቀ ሞቷል። ሌንሱን ወደ መብራት አቅንቶ ሻጋታና ጉም ይፈልግ። ከዚያም በሩ እንደተከፈተ፣ የማጠንጠኛውን ደንብ ጠብቆ፣ ሻተሩን በ1 ሰከንድ፣ በ1/60 እና በ1/1000 እየተኮሰ ወደ ነጭ ግድግዳ ይመልከትበት። በ1 ሰከንድ ላይ የሚንቀረፈፍ፣ በ1/1000 ላይ ብርሃን የማያሳይ ካሜራ ጽዳት ያስፈልገዋል። ማጠንጠኛው እምቢ ካለ በጉልበት መሳብ አይገባም፤ ብዙ ካሜራዎች የተሰበሩት በዚያ ቅጽበት ነው።

ይህን ያለፈ ካሜራ የመጨረሻ ፈተናው አንድ ፊልም ነው። በየፍጥነቱ ተነሥቶ ከታጠበ በኋላ ምስሎቹ ዳር እስከ ዳር እኩል ከበሩ፣ መሣሪያው ዳግም ሊታመን ይችላል። የመጀመሪያው ፊልም በሠርግ፣ በክርስትና ወይም ከብዙ ዓመት በኋላ ወላጅ በሚታይበት ጉዞ ላይ መሆን የለበትም። ፊልም እንደ ስልክ ወዲያው አያሳይም፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ የትኛውም ጠጋኝ አይመልሰውም።

ስለዚህ ለ«የትኛው ይበረታል?» የሚሻለው ምላሽ በጠያቂው እጅ ያለውን ካሜራ አገላብጦ ማየት ነው። የታወቀ ስም ያለው ቆሻሻ ካሜራ ከማይታወቅ ስም ካለው ንጹሕ ካሜራ ያንሳል። በደንብ የተያዘ፣ በየጊዜው የተተኮሰ፣ ባትሪው ወጥቶ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ መሣሪያ ከሠሪው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ሊደርስ ይችላል።